«ጣፊያሽ ደክሟል» ተባልኩ፦ ውፍረት፣ የወር አበባ መዛባትና የቻይና ባህላዊ ሕክምና

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠናል። አራቱም ኪሎ ስለመጨመርና የወር አበባ ስለመዛባት የሚጠይቁ ሲሆን፣ ሦስቱ የቻይና ሕክምናን ያነሳሉ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ እኖራለሁ፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ61 ኪሎ ወደ 78 ገባሁ። የወር አበባዬ ድሮ በየወሩ ነበር፤ አሁን ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይቆያል። አገጬ ላይ ጠቆር ያለ ፀጉር ማብቀል ጀምሯል። የቻይና ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ምላሴን አየ፣ የእጄን የደም ሥር ዳሰሰ፣ ከዚያም «ጣፊያሽ ደክሟል፤ እርጥበትና አክታ ሞልቶብሻል» አለኝ። አሥር ጊዜ መርፌ እንድወጋና በወረቀት የተጠቀለለ ሥራ ሥር አፍልቼ እንድጠጣ አዘዘ። ልጅ ሆኜ ወባ ደጋግሞኝ ነበር። ያኔ የተጎዳው ጣፊያዬ ይሆን? መርፌውስ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከጣፊያው እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚያ ላይ ነውና። በእኛ አካባቢ ጣፊያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ወባ ነው፤ ከግራ ጎድን ሥር አብጦ በእጅ የሚዳሰሰው። የቻይና ሐኪሞች «ፒ» የሚሉት ግን በትርጉም ጣፊያ ይባል እንጂ የአንድ ሥራ ስም ነው፤ ምግብን ወደ ጉልበት የመለወጥና በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ የማንቀሳቀስ ሥራ። «አንጀቴ ራሰ» ያለ ሰው ስለ አንጀት ምርመራ እንደማያወራ ሁሉ፣ ባለሙያው «ጣፊያሽ ደክሟል» ሲልሽም በአልትራሳውንድ የሚታየውን ጣፊያ ማለቱ አይደለም። የልጅነት ወባሽ ከአሁኑ ውፍረትሽ ጋር አይገናኝም።

ሐሳባቸው እንዲህ ነው። «ፒ» ሲደክም ከምግብና ከመጠጥ የተገኘው ውሃ በወጉ አይሠራጭም፤ ይጠራቀምና «እርጥበት» ይሆናል። እርጥበቱ ሲቆይ ይወፍርና «ታን» ይባላል። ቃሉ አክታ ተብሎ ቢተረጎምም በሳል የሚወጣው ብቻ አይደለም፤ በሆድና በጭን ላይ የሚቀመጠውንም ይጨምራል። ይህ ታን ደም ወደ ማሕፀን የሚወርድበትን መንገድ ይደፍናል፣ የወር አበባም ይዘገያል ይላሉ። ከ1281 እስከ 1358 እ.ኤ.አ. የኖረው ሐኪም ዡ ዳንሺ ውፍረትን ከታን ጋር አያይዞ አስተምሯል። ባለሙያው ምላስሽ ላይ የፈለገው እብጠትን፣ ጠርዙ ላይ የታተመ የጥርስ ምልክትንና ነጭ የሚያጣብቅ ሽፋንን ነው። በደም ሥርሽ ላይ ደግሞ በጣት ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ትርታ ነው የሚፈልገው። (ጠዋት ቡና ጠጥተሽ ከሄድሽ የምላስሽ ቀለም ያሳስታል፤ ለዚህ ነው ጥንቁቅ ባለሙያ «ምን ጠጣሽ?» ብሎ የሚጠይቀው።)

ይህ አስተያየት ባዶ ወሬ አይደለም። ውፍረትና የወር አበባ መዘግየት አብረው እንደሚሄዱ እነዚህ ሰዎች ሆርሞን የሚባል ነገር ከመታወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አይተዋል። ችግሩ አንድ ዓይነት መልክ ብዙ በሽታ ሊኖረው መቻሉ ነው። ምላስ የሚያብጥበትና ጥርስ የሚታተምበት፣ ፊት የሚነፋበት፣ ብርድ ብርድ የሚልበት፣ ኪሎ የሚጨምርበትና የወር አበባ የሚዛባበት የታወቀ በሽታ አለ፤ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ሥራ መቀነስ። በምላስና በትርታ ብቻ ከ«እርጥበት» አይለይም። በአንድ የደም ምርመራ ግን ይለያል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ስለዚህ የአሥሩን መርፌ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ምርመራውን አስቀድሚ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አንደኛ፣ የእርግዝና ምርመራ በሽንት፤ «እኔ አይመለከተኝም» ብትዪም አድርጊው። ሁለተኛ፣ ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ። ሦስተኛ፣ ፕሮላክቲን፤ የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን። ፕሮላክቲን በጭንቀትም ይጨምራልና ሮጠሽ ደርሰሽ ሳይሆን ጥቂት አርፈሽ ደም ስጪ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲልና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ከፍ ስለሚያደርጉት የምትወስጂውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪ። አራተኛ፣ የስኳር ምርመራ፤ ከዚሁ ጋር የደም ግፊትና የወገብ ልክ። በልብስ ሰፊ ሜትር እምብርት አካባቢ ሲለካ ከ80 ሴንቲ ሜትር ማለፉ ለሴት የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

የአንቺ ሁኔታ፣ ማለትም ከ35 ቀን በላይ የሚቆይ የወር አበባ፣ የአገጭ ፀጉርና ውፍረት፣ በጣም የሚያስጠረጥረው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮምን (የእንቁላል ማመንጫው፣ የኦቫሪ፣ ሥራ የሚዛባበትን ችግር) ነው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ከመጠን በላይ ሲሆን ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲሠራ ይገፋፋዋል፤ እንቁላል በስላ አትወጣም፤ እንቁላል ካልወጣች ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመረትም፤ ፕሮጄስትሮን ከሌለ የማሕፀን ግድግዳ በወቅቱ አይፈርስም፣ ዝም ብሎ ይወፍራል። ገንዘብ የሚቆጥብልሽ አንድ ነገር፦ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት፣ ሌሎቹ ምክንያቶች በምርመራ ከተወገዱ፣ የወር አበባ መዛባትና የወንድ ሆርሞን ምልክት አብረው ለተገኙባት ጎልማሳ ሴት በሽታውን ለመለየት አልትራሳውንድ የግድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ መርፌው (አኩፓንክቸር፤ መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ሰውነት ላይ መሰካት)። ለእንዲህ ያለ ችግር ባለሙያዎች አዘውትረው የሚወጉት አራት ቦታ ነው። «ሳንዪንጃው» ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጫፍ አራት ጣት ወደ ላይ፣ ከቅልጥም አጥንት ጠርዝ ኋላ ነው። «ዙሳንሊ» ከጉልበት ሎሚ ሥር አራት ጣት ወደ ታች፣ ከቅልጥም ጠርዝ አንድ ጣት ወደ ውጭ ይገኛል። «ፌንግሎንግ» በጉልበትና በቁርጭምጭሚት እኩሌታ በውጭ በኩል ነው፤ «ታንን ያወርዳል» የሚባለው እሱ ነው። «ጓንዩዋን» ደግሞ ከእምብርት አራት ጣት በታች ነው። የሚለካው በታካሚዋ በራሷ ጣት እንጂ በሐኪሙ ጣት አይደለም። መርፌው ከተለመደው የክትባት መርፌ በጣም የቀጠነ ነው፤ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ በትክክል ሲገባ ከመውጋት ይልቅ የመክበድ ስሜት ይሰጣል። እርጉዝ ሴት በሳንዪንጃውና በሆድ ላይ እንዳትወጋ ባህሉ ራሱ ይከለክላል። የሽንት ምርመራውን አንደኛ ያደረግነው ለዚህም ነው።

ያድናል ወይ? በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ እዚያው ቻይና ውስጥ 1000 ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባቸው መውለድ የሚፈልጉ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አለ። እንቁላል የሚያወጣውን ክሎሚፌን ከእውነተኛ መርፌ ጋር ከወሰዱት ከመቶ 29 ያህሉ ወለዱ። ክሎሚፌንን ከማስመሰያ መርፌ ጋር ከወሰዱትም 28 ያህሉ ወለዱ። ክሎሚፌን ሳይወስዱ እውነተኛውን መርፌ የተወጉት 14 ያህል፣ ማስመሰያውን የተወጉት 17 ያህል ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ክሎሚፌኑ ነው። ስለዚህ መርፌው ያረጋጋሻል፣ እንቅልፍም ይሰጥሽ ይሆናል፤ የማሕፀን ሐኪም ሕክምናን ግን አይተካም። ብትወጊም ፓኬቱ ዓይንሽ እያየ ይከፈት፤ ያገለገለው መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይግባ። ያገለገለውን መልሶ የሚጠቀም ካየሽ ተነሺና ውጪ፤ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች.አይ.ቪ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ዋግምትና በአሪቲ ወገን ቅጠል የሚደረገው ማሞቅ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ለወር አበባ ብለሽ አትጨነቂባቸው።

የሥራ ሥሩ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ለ«እርጥበትና ታን» የሚሰጠው የታወቀ ቅመም «ጻንግ ፉ ዳው ታን» ይባላል። ውስጡ ከቄጠማ ወገን የሆነ ተክል ሥር፣ የመንደሪን ልጣጭ፣ ዝንጅብል፣ የጣፋጭ እንጨት ሥርና ሌሎችም አሉበት። ከእነዚህ ሁለቱ፣ «ባን ሺያ» እና «ናን ሺንግ»፣ በጥሬው መርዛማ ናቸው፤ በወጉ ካልተዘጋጁ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። የጣፋጭ እንጨቱ ሥር ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ የሆነውን እያንዳንዷ ሴት ብታውቀው እንወዳለን። ለማቅጠኛ በተዘጋጀ እንክብል ውስጥ «ሃን ፋንግ ጂ» የሚባለው ተክል መግባት ሲገባው ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ተክል ገባ፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ያለበት ነው። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ለእጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። የአንድ ቃል ስህተት ነበር።

ስለዚህ ባለሙያው የእያንዳንዱን ተክል ስምና በግራም መጠኑን ጽፎ ይስጥሽ። አልጽፍም ካለ አትጠጪ። ከጻፈም ለሐኪምሽ አሳዪ፤ ከመጀመርሽ በፊት የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ተሠሪ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ድገሚው። አፈላሉ፦ በሸክላ ድስት ወይም በማይዝግ ብረት ድስት እንጂ በአሉሚኒየም አይደለም፤ ጀበናም አይሆንም፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ ሥሩ ታችኛው ላይ ያርራል። ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ ውሃው ከላዩ ሁለት ሦስት ጣት ይለፍ፤ ከፈላ በኋላ በዝግታ እሳት 20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ይጠለልና ዳግም ይፈላ፤ ሁለቱ ተቀላቅሎ ጠዋትና ማታ ይጠጣ። የሻገተ ሽታ ካለው ይጣል። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ በዚያው ቀን አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን «ማቅጠኛ ሻይ» ግን ጨርሶ ተዪው። አብዛኛው የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። በአንዳንድ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ለልብ አደገኛ ሆኖ በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ የወጣው ሲቡትራሚን ተደብቆ ተገኝቷል።

የቻይና መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ሐዋሳ ላይ ወባ ሲይዘን የምንውጠው ኮአርተም ከዚሁ ባህል ከተገኘ ተክል ነው የመጣው፤ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመችበት። እሷ ግን ተክሉን አጥንታ፣ ፍሬ ነገሩን ለይታ፣ በምርመራ አረጋግጣ ነው።

በእጅሽ ያለው ትልቁ መድኃኒት ኪሎ መቀነሱ ነው። ከክብደትሽ ከመቶ 5 እስከ 10 መቀነስ፣ ለአንቺ ከ4 እስከ 8 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ለብዙ ሴቶች የወር አበባን ይመልሳል። 61 ኪሎ እስክትደርሺ መጠበቅ አያስፈልግም። የቻይና ሐኪም «ጣፋጭ፣ ቅባትና ቀዝቃዛ ነገር ተዪ፣ ሙቅ ጠጪ» ይልሻል። ስለ ቅዝቃዜው ማስረጃ የለም፤ ስለ ጣፋጩ ግን ልክ ነው። ከምሳ ጋር የሚጠጣው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ በዝንጅብል ሻይ ያለ ስኳር ቀይሪው። ቆጮና ዳቦ ብቻቸውን አይበሉ፤ ጎመን፣ ምስር ወይም ዓሣ ይግባባቸው። አሞራ ገደል ከሄድሽ ከተጠበሰው ይልቅ ሾርባውን እዘዢ። ከሌሊት ፈረቃ ስትወጪ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ወስደሽ ከመተኛት አስቀድመሽ እንቁላል ወይም ሽሮ ብዪ። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ፣ ላብ ላብ እስኪልሽ፣ በሐይቁ ዳር ተራመጂ።

የወር አበባ ሳይመጣ ሦስት ወር ካለፈ ግን አትጠብቂ። የማሕፀን ግድግዳ ለዓመታት ሳይፈርስ ከወፈረ ወደ ካንሰር የመለወጥ አደጋ አለው። ሐኪም ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ የፕሮጄስትሮን ክኒን ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ያዝልሻል፤ እንደ ሁኔታው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒትም ይጨምራል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመጣ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ሆኖ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለብሽ።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። የወር አበባዬ ቀርቷል፣ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ጎረቤቴ «ደሙ ውስጥሽ ተጠራቅሟል» አለችኝ፤ ደም የሚያስወርድ የቻይና ዱቄትም አመጣችልኝ። ልጠጣው? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ አትጠጪው። የሦስት ወሩ መርፌ የማሕፀንን ግድግዳ ቀጭን ያደርገዋል፤ የሚፈርስ ነገር ስለሌለ ነው የማይደማው። የተጠራቀመ ደም የለም። አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሴቶች የወር አበባቸው ይቀራል። በቻይና ሕክምና «የቋጠረ ደም» ለሚሉት የሚሰጡት ለምሳሌ የሱፍ አበባ ቅጠል (ለጾም የምንፈጨው የሱፍ ተክል አበባ ነው) እና የኮክ ፍሬ አስኳል ነው። አንቺ ግን የቋጠረ ነገር የለብሽም፤ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለም አይታወቅም። ኪሎው ከመርፌው ሊሆን ይችላል። ካስጨነቀሽ ቀጠሮሽ ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሆርሞን የሌለውን በማሕፀን የሚቀመጥ ሉፕ ጠይቂ። መርፌውን ካቆምሽ በኋላ የወር አበባና እርግዝና ለመመለስ ብዙ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ ቶሎ መውለድ የምታስቢ ከሆነ ይህን አስቀድመሽ ቁጠሪው።

ጥያቄ፦ እናቴ 47 ዓመቷ ነው። ለጉልበቷ ሕመም «የቻይና ባህላዊ» የተባለ እንክብል ስድስት ወር ወስዳለች። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። አሁን ግን ፊቷ ክብ ሆኗል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ እጅና እግሯ ቀጥኗል፣ የወር አበባዋም ተቋርጧል። ዕድሜዋ ነው ወይስ መድኃኒቱ? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ለእናትሽ ጤና ይስጥልን። ዕድሜም ሊሆን ይችላል። የቻይናው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ የሴትን ዕድሜ በሰባት ሰባት እየቆጠረ የወር አበባ በ14 ይጀምራል፣ በ49 ይቋረጣል ይላል፤ 47 ከዚያ ሩቅ አይደለም። ዕድሜ ግን ፊትን አያከብም፣ እግርና እጅን አያቀጥንም።

የጉልበት ሕመምን በአንድ ቀን የሚያጠፋ ዕፅ ብዙ ጊዜ ዕፅ ብቻ አይደለም። «ተፈጥሯዊ» በተባሉ የመገጣጠሚያ እንክብሎች ውስጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ተቀላቅሎ መገኘቱ በብዙ አገሮች ታውቋል። እነዚህ ስቴሮይዶች የጻፍሽውን ሁሉ ያመጣሉ። ሆዳቸው ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሰንበር፣ በትንሹ የሚበልዝ ቆዳ፣ አዲስ የመጣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ካለባቸው ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አደራ የምንልሽ፦ እንክብሉን ዛሬ በራሳችሁ ድንገት እንዳታስቆሟቸው። ስቴሮይድ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ያቆማሉ። በድንገት ከተቋረጠ ማስታወክ፣ ከፍተኛ ድካም፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ይከተላል፤ ሕይወትም ያሳጣል። የቀረውን እንክብል ከነማሸጊያው ይዛችሁ፣ በቀን ስንት እንደሚወስዱና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጽፋችሁ በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ በሚታወቅ መጠን ተክቶ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ከዚያ በፊት ካስመለሳቸው ወይም ትኩሳት ከያዛቸው ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ስቴሮይድ ሊሆን የሚችል እንክብል ለስድስት ወር ወስደዋል» ይሁን።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ ሰኔ 16፣ ሐምሌ 14፣ ነሐሴ 12፣ ከዚያ መስከረም 5 መጣ። ቀኑ እየተንሸራተተ ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በ23 ቀን መጣ። ተዛብቷል ማለት ነው? ኪሎም ትንሽ ጨምሬያለሁ። (ከአቶቴ)

መልስ፦ አልተዛባም። የኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የወር አበባሽ በ28 ቀን የሚመጣ ከሆነ በየወሩ ሁለት ቀን ቀድሞ መታየቱ የግድ ነው። ከሰኔ 16 እስከ ሐምሌ 14 ያለው 28 ቀን ነው፤ ከሐምሌ 14 እስከ ነሐሴ 12ም 28። የመጨረሻውን ስትቆጥሪ ጳጉሜን ረስተሻል፦ ከነሐሴ 12 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 18 ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 5፤ ድምሩ 28 ይሆናል። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 29። ቀኑን ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ቁጠሪ፤ ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ለጎልማሳ ሴት የተለመደ ነው። ጠብታ ብቻ የታየበትን ቀን አትቁጠሪ፤ ሞዴስ ካስፈለገሽ ቀን ጀምሪ። ቀኖቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን የቀን ብዛት በማስታወሻ ያዢ፤ ከስድስት ወር በኋላ ለሐኪምም ሆነ ለመርፌ ባለሙያ የምታሳዪው እሱን ነው።